አደገኛው ውሻ የቱ ነው?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለመጽሔቱ አንባብያን የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

 

የዛሬው ርእሳችን ስለ ውሻ ነው። አንዳንዶቻችሁ “ደግሞ ስለ ውሻ በሬዲዮ ይወራል እንዴ?” ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን ጉዳዩ የልጆቻችን ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ትረዱታላችሁ ኢንሻአላህ።

እኔ የምኖረው በጉራጌ ዞን፣ በእዣ ወረዳ፣ በአገና ከተማ ነው። እንደምታውቁት የአካባቢያችን ሰው ለሥራ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተበትኖ ይኖርና ዒደል አድሓ፣ እኛ በልማዳችን አረፋ የምንለው በዓል ሲደርስ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የኖረው ቤት ይከፈታል፤ ጀፎረው በሕፃናት ይሞላል። ታዲያ በአንዱ አረፋ ከከተማ የመጣች አንዲት ልጅ በጀፎረው ላይ ስትጫወት ከአንድ ግቢ ያመለጠ ትልቅ ውሻ እግሯን ነከሳት። ውሻው ባለቤቱ በሌለበት ቤቱን እንዲጠብቅ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሕዝቡ “የፈረንጅ ውሻ” የሚለው ዓይነት ነው። ልጅቱ በፍጥነት ተወስዳ ታከመች፤ ዛሬ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት።

መንደሩ ግን ተቆጣ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አንድ የማከብራቸው አባት ተነሥተው፣ “እነዚህ የፈረንጅ ውሾች ከአገራችን ይውጡልን! የእኛው የሐበሻ ውሻ ይበቃናል” አሉ። አንድ ወጣት መምህርም፣ “በሠለጠነው ዓለምኮ አደገኛ የሚባሉ የውሻ ዘሮች በሕግ ተከልክለዋል፤ እኛስ ለምን አንከለክልም?” አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ “ሸኽ፣ ሸሪዓው ምን ይላል?”

እኔ በዚያ ቀን መልስ አልሰጠሁም። “አንድ ሳምንት ስጡኝ” አልኩ። ኪታብ ለማገላበጥ ብቻ አልነበረም ቀጠሮ የጠየቅሁት። በዚህ ጉዳይ ላይ የቆየ ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳውን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ በመጀመሪያ ግን መምህሩ ካነሣው ነጥብ ልጀምር።

በሌላው ዓለም ምን ተደረገ?

(እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መምህሩ እውነቱን ነው። ብሪታንያ በ1991 አደገኛ ውሾችን የሚመለከት ሕግ አውጥታ ፒትቡል ቴሪየርን፣ የጃፓኑን ቶሳን፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌይሮን ከለከለች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ “ኤክስ ኤል ቡሊ” የሚባል ግዙፍ ውሻ ሰዎችን እየገደለ ሕዝቡን ስላስጨነቀ በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ዘር ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ እንዳይሸጥና እንዳይራባ፣ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ልዩ የፈቃድ ወረቀት የሌለው ሰው ጭራሹን እንዳይዘው ተደረገ። ሙስሊሞች የሚበዙባት ቱርክም በ2021 ፒትቡልንና መሰሎቹን ከልክላለች።

የከለከሉት ሰዎች ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የትንሽ ውሻ ንክሻ ቆዳ ቢቀድ፣ የእነዚህ ንክሻ አጥንት ይሰብራል፤ አንገት ከያዘ አይለቅም። አንድ ሕፃን ከሞተ በኋላ “ባለቤቱን አስተምሩ” ማለት ለእናቲቱ ምን ይጠቅማታል? ጉዳት ከመድረሱ በፊት መንገዱን መዝጋት በሸሪዓችንም የታወቀ መርህ ነው። ስለዚህ አንድ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ እንዲህ ዓይነቱን ውሻ ቢከለክል መታዘዝ ይገባል፤ ሙስሊምም “መብቴ ነው” ብሎ የሚሟገትበት ነገር አይደለም።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ሆላንድ በ1993 ፒትቡልን ከልክላ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ሲታይ የተነካሾች ቁጥር አልቀነሰም፤ ስለዚህ በ2008 ክልከላውን ለመተው ወሰነች። ጣልያንም በ2009 የአደገኛ ዘሮችን ዝርዝር ትታ የማንኛውም ውሻ ባለቤት ውሻው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን አደረገች። በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ ከ1989 ጀምሮ የቆየውን የፒትቡል ክልከላ ነዋሪዎቿ በ2020 በድምፃቸው አንሥተው በፈቃድ ብቻ እንዲያዝ ወስነዋል። እንግዲህ በሠለጠነው ዓለምም ጉዳዩ ገና አከራካሪ ነው። ግማሹ “የውሻው ዘር ይታይ” ይላል፤ ግማሹ “የባለቤቱ ሥራ ይታይ” ይላል።

የእኛ ዑለማዎችስ?

ወንድሞችና እህቶች፣ በእስልምና ውሻን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ነጃሳነቱ ነው። በአካባቢያችን በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ነው። የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ኢማሙ ማሊክ ደግሞ ውሻ በሕይወት እስካለ ድረስ ጧሂር ነው ብለዋል። ይህ የዑለማዎች ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ ነጃሳ ማለት ግን ጠላት ማለት አይደለም። ነጃሳ ነው ማለት ይራብ፣ ይጠማ፣ ይደብደብ ማለት አይደለም።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዚያን መንገደኛ ታሪክ አስታውሱ። በረሃ ላይ ጠምቶት ከጉድጓድ ወርዶ ጠጣ፤ ሲወጣ በጥማት እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ፤ ተመልሶ ወርዶ በጫማው ውሃ ሞልቶ፣ በጥርሱ ነክሶ ይዞ ወጥቶ አጠጣው፤ አላህም በዚህ ሥራው ማረው። በሌላ ዘገባ ይህን ያደረገችው ከበኒ ኢስራኢል አንዲት አመንዝራ ሴት ነበረች። በቁርኣንም በሱረቱል ከህፍ አላህ የዋሻውን ባልደረቦች ታሪክ ሲተርክ ውሻቸውን አልተወውም፤ በዋሻው ደጃፍ ሁለት እግሮቹን ዘርግቶ መተኛቱን ነግሮናል (18፡18)። በሱረቱል ማኢዳህም የሠለጠነ ውሻ አድኖ የያዘው ሥጋ ሐላል ተደርጎልናል (5፡4)።

በሌላ በኩል ደግሞ ለከብት፣ ለእርሻ ወይም ለአደን ካልሆነ በቀር ውሻ የያዘ ሰው ከመልካም ሥራው ምንዳ በየቀኑ እንደሚቀነስበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ብዙ ዑለማዎች ቤት ለመጠበቅ መያዝንም በዚሁ ለክተው ፈቅደዋል። ስለዚህ በእኛ አገር ከብቱን ከጅብ፣ እንሰቱን ከጃርትና ከከርከሮ ለመጠበቅ ውሻ የያዘ ገበሬ ፈቃድ አለው። ለጉራ፣ ሰው ለማስፈራራት ወይም ለማዋጋት የሚይዝ ግን ምንዳውን ይጠብቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው፣ “ነቢዩስ (ሰ.ዐ.ወ) ውሾች እንዲገደሉ አዘው አልነበረም ወይ?” ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አዎ፣ በመዲና አንድ ወቅት ታዞ ነበር፤ ነገር ግን ቀጥሎ ከለከሉ። ከጃቢር (ረ.ዐ) በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ላይ ከክልከላው ተለይቶ የቀረው ጥቁሩ ውሻ ነበር። ኢማሙል ሐረመይን ይህን ሲያብራሩ፣ እንደ ኢማሙ ነወዊ ዘገባ፣ መጨረሻ ላይ ሸሪዓው የጸናው ጉዳት የማያደርስ ውሻ፣ ጥቁርም ይሁን ሌላ፣ አይገደልም በሚለው ነው ብለዋል። አስተውሉ! ኢማሙ መልኩን ወደ ጎን ትተው የሚያደርሰውን ጉዳት መለኪያ አደረጉ።

ታዲያ እንዲገደል የተፈቀደው የትኛው ነው? ከዓኢሻ (ረ.ዐ) በተዘገበው ሐዲስ በሐረም ምድርም ቢሆን ከሚገደሉት አምስት ፍጥረታት አንዱ “አል-ከልቡል ዐቁር” ነው፤ ተናካሹ ውሻ ማለት ነው። ኢማሙ ማሊክ ይህን ቃል ሲተረጉሙ በሰው ላይ የሚዘል፣ የሚያቆስልና የሚያስፈራ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል ብለው አንበሳንና ነብርን ጭምር አስገብተዋል። “ዐቁር” የዘር ስም አይደለም፤ የሥራ ስም ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ትልቁ ውሻ ዐቁር ሊሆን ይችላል፤ በጓሯችን የምትሮጠው ትንሿ ውሻም ዐቁር ልትሆን ትችላለች።

ከዚህ ቀጥሎ ፉቀሃዎች ወደ ባለቤቱ ይሄዳሉ። እንስሳ በራሱ ያደረሰው ጉዳት እንደማያስጠይቅ የሚገልጽ ሐዲስ አለ። ዑለማዎች ግን ይህ ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት ነው ብለዋል። ኢብኑ ቁዳማ “አል-ሙግኒ” በተባለው ኪታባቸው ተናካሽ ውሻ ይዞ የለቀቀ ሰው፣ ውሻው ሰው ቢነክስ ወይም ልብስ ቢቀድ ባለቤቱ ይከፍላል ብለዋል። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦም ቢሆን ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ ሸሪዓውም የአገሩም ሕግ የሚጠይቁት ሰውየውን ነው።

የዚያ ልጅ ነገር

አሁን ዕዳዬን ልንገራችሁ።

ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ገና ወጣት ሳለሁ በአካባቢያችን በአንድ መንደር መድረሳ ልጆችን ቁርኣን አቀራ ነበር። ልጆቹ ከሱብሒ በፊት፣ በጨለማው፣ በጀፎረው ላይ እየሮጡ ይመጣሉ። በዚያን ጊዜም መንደሩ ስለ ውሻ ያወራ ነበር። አንድ ነጋዴ ያስመጣው ትልቅ ጥቁር ውሻ ነበረ፤ ሁሉም ይፈራዋል። እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ ግቢ በኩል እንዳያልፉ ያስጠነቅቃሉ። እኔም አስጠነቅቃለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ዘግይቶ መጣ። ብልህ ነበር፤ ጁዝ ዐምን ጨርሶ ነበር። “ምን አቆየህ?” አልኩት። “ቡችላ ይዛኝ ነው” አለ እየሳቀ። የጎረቤት ቡችላ ናት፤ ወተት ገና ያልተወች፣ ልጆች አቅፈው የሚጫወቱባት። ሱሪው ጠርዙ ላይ በለሃጯ ርሷል። ቅልጥሙ ላይ ጭረት የሚመስል ነገር ነበር፤ ደም እንኳ እምብዛም አልወጣውም።

እኔ ምን አልኩት? “ልብስህን ነጃሳ ነክቶታል። ሂድና ወንዝ ወርደህ ሰባት ጊዜ እጠበው፤ አንዱን በአፈር አድርገው” አልኩት። ሄደ። አጥቦ፣ ርጥቡን ለብሶ ተመለሰ። ስንት ጊዜ እንዳጠበው ስጠይቀው በጣቶቹ ቆጥሮ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ልጁ ፊቅህ ገብቶታል አልኩ። የቅልጥሙን ነገር አልጠየቅሁትም።

ቡችላዋ በሳምንቱ ሞተች፤ ከመንደሩ ዳር ተጣለች። ማንም ልብ አላለም። ሁላችንም ዓይናችን ነጋዴው ግቢ ላይ ነበር።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ልጁ ታመመ። እግሩን ይነዝረኛል አለ፤ ትኩሳት ያዘው፤ እንቅልፍ አጣ። “ዐይነ ናስ ነው” ተብሎ ሩቅያ እንድቀራበት ተጠራሁ። ለውዱእ ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው ተነቀና ጮኸ፤ ወደ ግድግዳው ሸሸ። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ “ይህ ልጅ ውሻ ነክሶት ያውቃል ወይ?” አሉ። እኔ መልሱን አውቅ ነበር። በአራተኛው ቀን ጀናዛውን ሰገድን።

ከቀብር በኋላ እናቱ፣ “ኡስታዝ፣ ያን ቀን ነግሮዎት ነበር?” አሉኝ። “አዎ፣ ነግሮኝ ነበር” አልኩ። እሳቸው፣ “አልሐምዱሊላህ፣ የአላህ ቀደር ነው” አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። በእርግጥም ቀደር ነው። ግን ዑመር (ረ.ዐ) በሻም ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው ሲመለሱ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መናገራቸውን እኔ ለልጆች አስተምር ነበር። ቀደርን ለስንፍናዬ መሸሸጊያ ላደርገው አልቻልኩም። ልብሱን ሰባት ጊዜ አስታጠብኩ፤ ቁስሉን አንድ ጊዜ እንኳ አላስታጠብኩም።

ትልቁን ጥቁር ውሻ ስንፈራ ልጁን የገደለችው ያቀፍናት ቡችላ ነበረች።

በሽታው እንዴት ይገድላል? እንዴትስ ይከለከላል?

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከቫይረስ ነው። በበሽተኛው ውሻ ለሃጭ ውስጥ ይኖርና በንክሻ ወይም በጭረት ይገባል። ከዚያ በነርቭ ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳል፤ አንዳንዴ ከሳምንት ያጥራል፣ አንዳንዴ እስከ ዓመት ይረዝማል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ሕክምና የለውም፤ መጨረሻው ሞት ነው ማለት ይቻላል። የአላህ እዝነት ያለው በዚያ በቀርፋፋ ጉዞው ላይ ነው፤ ክትባቱ ቀድሞት ሊደርስ ይችላልና። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በጁላይ 1885 ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው በውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም ተረፈ። የእኔ ደረሳ ዕድሜው ከዚያ ልጅ ጋር እኩል ነበር። ሲሞት ክትባቱ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር።

በሽታው ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1903 (በ1895 ዓ.ም.) ወረርሽኝ መነሣቱ ተመዝግቧል። ዛሬም በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ወደ 2,700 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታውን ያገኘው ከውሻ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ የተጠረጠረ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች መካከል ደግሞ ከመቶ አርባው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ቫይረሱ የውሻ ዘር አይመርጥም። ያልተከተበ ሁሉ ለእሱ እኩል ነው።

በባሌ ተራሮች የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ታውቁታላችሁ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ፣ ቁጥሩም ከአምስት መቶ በታች የሆነ ፍጥረት ነው። ከሰው ውሾች የተጋባ ይኸው በሽታ ከ1991 ጀምሮ ደጋግሞ ፈጅቶታል። በሱረቱል አንዓም አላህ እንስሳት ሁሉ እንደ እኛ ሕዝቦች መሆናቸውን ነግሮናል (6፡38)። የእኛ ቸልተኝነት የሌላውንም ሕዝብ ያጠፋል።

“ታዲያ ሁሉንም እንግደላቸውና እንገላገል” የሚል ሰው አለ። በከተሞቻችን ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ በሌሊት መጣል የኖረ ልማድ ነው። ይህ አይሠራም። ቆሻሻው እስካለ ድረስ በሞቱት ቦታ ሌሎች ይመጣሉ፤ የተከተቡትም ካልተከተቡት ጋር አብረው ይሞታሉ። በሽታውን የሚያቆመው ከመቶ ሰባው ውሻ ሲከተብ መሆኑን ባለሙያዎች ይናገራሉ። አኺራውንም አስቡት። በ1910 በኢስታንቡል ከተማ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ተሰብስበው ማርማራ ባሕር ውስጥ ባለች ባዶ ደሴት ላይ ተጣሉ። እህልም ውሃም አልነበረም፤ ጩኸታቸው በነፋስ እየተሻገረ ከተማው ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል። አንዲት ሴት ድመት አስራ፣ ሳታበላትና ሳትለቃት በረሃብ ስለገደለቻት እሳት እንደገባች የምናነብ ኡማ ነን! ቱርኮች በ2024 ስለ ጎዳና ውሾች አዲስ ሕግ ሲያወጡ ያ የድሮ ታሪክ በክርክሩ መካከል ዳግመኛ ተነሥቷል። ዐቁሩን መግደል ተፈቅዷል፤ ሲገደልም በማሠቃየት አይደለም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው፣ ውሻው ትልቅም ይሁን ቡችላ፣ የጎረቤትም ይሁን የራሱ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ። የቫይረሱን የላይ ሽፋን ሳሙና ይሰብረዋል። ቁስል ላይ አፈር፣ ቡና፣ ቅጠል አይደረግም። ስለ ነጃሳው የመጣው ሐዲስ የጦሃራ ሕግ ነው፤ የቁስል ሕክምና አይደለም። መጀመሪያ ነፍስ ትዳን፤ ስለ ልብሱ ኋላ እንጠያየቃለን።

ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ክትባቱ ከታዘዘ እስከ መጨረሻው መርፌ ይውሰድ፤ “ተሽሎኛል” ብሎ አያቋርጥ። ሩቅያም ዱዓም ይደረግ፤ ነገር ግን ወደ ሕክምና በመሄድ ላይ ሳለን እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የነከሰው ውሻ ሳይነካ ማሰር ወይም መዝጋት ከተቻለ ቶሎ አትግደሉት። ለአሥር ቀን ይጠበቅ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያም ይነገር። በአሥሩ ቀን ውስጥ ከታመመ ወይም ከሞተ ነገሩ ይታወቃል። ክትባቱን ግን እሱን እየጠበቃችሁ አታዘግዩ።

አራተኛ፣ ውሻ ያለው ሁሉ በየዓመቱ ያስከትብ። ተናካሽ ከሆነ ቀን ይሰር፤ ግቢውን ይጠር፤ ያብላው፣ ያጠጣው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ በባዶ ቤት በሰንሰለት የታሰረ፣ አንድ ዘበኛ ሲያስታውስ ዳቦ የሚጥልለት ውሻ ሊያብድ ምን ቀረው? ያ ውሻ አማና ነው።

አምስተኛ፣ በተለይ ለአረፋ፣ የኡዱሒያውን አንጀትና ቆሻሻ በጀፎረውና በወንዙ ዳር አንጣል፤ ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበር። ውሾችን በመንጋ የሚጠራብን የራሳችን ቆሻሻ ነው።

ስድስተኛ፣ ወላጆችና የመድረሳ መምህራን ልጆቻችንን እንዲህ እንበል፦ “ውሻ ቢነካህ አልቆጣህም፤ ብቻ ንገረኝ።” ብዙ ልጅ ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። የነገረንን ልጅ ደግሞ ከልብሱ በፊት ገላውን እንየው።

ከሳምንት በኋላ በተሰበሰብን ጊዜ ይህንኑ ተናገርኩ። ለትልቁ ውሻ ባለቤትም የልጅቱን ሕክምና እንዲከፍል፣ ውሻውን እንዲያስከትብና ግቢውን እንዲያጥር፣ ካልሆነም ወደ መጣበት እንዲመልሰው መልእክት ተላከለት። “የፈረንጅ ውሾች ይውጡልን” ያሉት አባት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ “እንግዲህ ሸኽ፣ የእኔዋም አልተከተበችም ልትለኝ ነው?” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። “እርስዎ ነዎት የሚያውቁት አባቴ” አልኳቸው። “አልተከተበችም” አሉ። “የማናችንስ ተከትቧል?” ብለው ዞር ዞር ብለው ሰዉን አዩ። እጁን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ስብሰባ የወጣነው ስለ አንድ የፈረንጅ ውሻ ለመወሰን ሳይሆን የመንደሩን ውሻ ሁሉ ለማስቆጠርና ለእንስሳት ክሊኒክ ለማመልከት ተስማምተን ነው። ነገ መንግሥት እነዚያን ግዙፍ ዘሮች ቢከለክል እሰየው፣ እንታዘዛለን። ግን “አደገኛው ሄዷል” ብለን ተዘናግተን ያልተከተበችውን ቡችላ ለልጆቻችን እንዳናሳቅፍ እፈራለሁ። እኔ አንድ ጊዜ ተዘናግቻለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ያንን ልጅ በጀነት ለወላጆቹ አማላጅ ያድርገው። የእኔን ጥፋት ይማረኝ። ልጆቻችንን ከሚታይና ከማይታይ አደጋ ይጠብቅልን። በእጃችን ላስቀመጣቸው ፍጥረታት ሁሉ የምናዝን፣ ለጎረቤቶቻችንም ጉዳት የማንሆን ያድርገን። አሚን።